መልመጃው ተማሪዎቼን ዝም አሰኝቶብኛል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም የእንግሊዝኛ መምህራን። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ 9ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ግን ከአንድ ቃል በላይ አይናገሩም።

ችግሩ ያለው የመማሪያ መጽሐፉ መልመጃ ላይ ይመስለኛል። ምንባብ አለ፣ ከሥሩ «እውነት ወይም ሐሰት»። እጠይቃለሁ፣ አንዱ «ትሩ» ይላል፣ «ጉድ» እላለሁ፣ አለቀ። የቋንቋ ተመራማሪዎቹ ሲንክሌርና ኩልታርድ በ1975 እ.ኤ.አ. የገለጹት የመምህር ጥያቄ፣ የተማሪ መልስ፣ የመምህር አስተያየት የሚባለው ዑደት ቁልጭ ብሎ ይታያል። መልሱ ሁሉም ፊት ተጽፎ እያለ ልጆቹ ስለምን ይነጋገሩ?

እናም ሌላ ነገር ሞከርኩ። ለአንዱ ተማሪ የታክሲ መስመሮችን፣ ለጓደኛው ታሪፉን ብቻ የያዘ ወረቀት ሰጠሁ። ሳይጠያየቁ መሙላት አይችሉም። ክፍሉ ሞቅ አለ፣ ዝምተኞቹ እንኳ አወሩ! ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ግን ወሬው ወደ አማርኛ ዞረ።

ለዚህ ሁሉ ተማሪ በየጊዜው ፎቶ ኮፒ ማድረግም አልችልም። ዴስኮቹም ተጣብቀው የተደረደሩ ናቸው፤ በቡድን ለማስቀመጥ አይመቹም።

እባካችሁ እርዱኝ። ያንኑ የመጽሐፍ ምንባብ በጥቁር ሰሌዳና በደብተር ብቻ ወደ መጠያየቂያ የቀየራችሁ እንዴት አደረጋችሁት? ሲከብዳቸው ወደ አማርኛ እንዳይሸሹስ አስቀድማችሁ ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገሮች ትሰጧቸዋላችሁ?