በአዋጅ የተሾመ አምላክ

ጥያቄ ጣይ፦
እስቲ እንከራከር። ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ያወጣው ሃይማኖት ሃይማኖት ይባላል? እኔ አይባልም ባይ ነኝ። አዋጅ ነው፤ ዕጣን የተጨሰበት አዋጅ።

ሮምን ውሰዱ። አውግስጦስ ቄሣር በ14 ዓ.ም. ሞተ (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ኑሜሪዮስ አቲኩስ የሚባል የሴኔት ሰው ተነሣና ቄሣሩ ወደ ሰማይ ሲያርግ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ ብሎ ማለ። ታሪክ ጸሐፊው ካሲዮስ ዲዮ እንደሚለው፣ መበለቲቱ ሊቪያ ለዚህ መሐላ አንድ ሚሊዮን ሴስተርስ (የሮም ገንዘብ) ሰጠችው። ሴኔቱም ወስኖ ሟቹን አምላክ አደረገው፤ ልክ እንደ ሹመት። ሌላው ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያኖስማ በ79 ሊሞት ሲያጣጥር «ወዮ፣ አምላክ ልሆን ነው መሰለኝ» ብሎ እንደቀለደ ሮማዊው ጸሐፊ ስዌቶንዮስ ጽፎታል። ባለቤቱ የሚስቅበትን ነገር እኔ እምነት ብዬ የማከብርበት ምክንያት አይታየኝም።

ድንጋይ ጠራቢ፦
ምስክሩ መገዛቱን አልክድህም። ግን አንተ ያየኸው ግብር አብዪውን ብቻ ነው። በላተኛውንስ ጠይቀኸዋል?

በ130 አንቲኖስ የሚባል ወጣት ዓባይ ውስጥ ሰጠመ። የንጉሠ ነገሥቱ የሐድርያኖስ ወዳጅ ነበር። ሐድርያኖስ እዚያው አቅራቢያ አንቲኖፖሊስ የምትባል ከተማ ቆረቆረለት፣ አምላክም አደረገው። ከዚህ በላይ በትእዛዝ የተፈጠረ አምላክ ከየት ይመጣል? ሐድርያኖስ ራሱ በ138 ሞተ። አሁን ይሄን ስማ፦ ግብፅ ውስጥ የተገኘች፣ ዛሬ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ያለች ከመዳፍ የማትበልጥ የሸክላ ሴት አለች። ተንበርክካለች፣ እጇ የፊጥኝ ታስሯል፣ 13 መርፌ ተሰክቶባታል፤ አናቷ ላይ፣ ዓይኗ ላይ፣ አፏ ላይ። ዕድሜዋ ከሐድርያኖስ ዘመን መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ይዘገያል። አብሯት በነበረው የእርሳስ ሰሌዳ ላይ ሳራፓሞን የሚባል ሰው ጵጦለማይስ የምትባል ሴት እንዲያመጣለት ማንን ይማጸናል? አንቲኖስን። መስተፋቅር ነው። ለመስተፋቅር አዋጅ አይወጣም፤ ሰው የሚያምንበትን ነው የሚጠራው።

ጭራሮ፦
ያ አንቲኖስ አምላኩ ነው ያለህ ማነው? ባለመስተፋቅሮች ይፈልጉ የነበረው ያለ ዕድሜው የተቀጨ ሰው መቃብር ነው፤ የሟቹን መንፈስ ሊልኩት። ሞክሼ ሊሆን ይችላል። ሊቃውንቱም በዚሁ ጉዳይ አልተስማሙም።

ድንጋይ ጠራቢ፦
ይሁን፣ ያቺን ትቼልሃለሁ። «ባለቤቱ የሚስቅበት» ለሚለው ግን መልስ አለኝ። በደቡብ አሜሪካ የኢንካዎች ንጉሥ አታዋልፓ በ1533 እስፓኞች እጅ ወድቆ በእሳት እንዲቃጠል ተፈረደበት። ከተጠመቀ ግን በማነቅ እንደሚገደል ተነገረውና ተጠመቀ። ለምን? በኢንካዎች እምነት የሞተ ንጉሥ አይቀበርም። ደርቆ፣ ለብሶ፣ በበዓል ቀን አደባባይ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ይመገባል፣ ይጠጣል፣ ምክር ይጠየቃል። ርስቱም የራሱ እንደሆነ ይቀራል፤ አዲሱ ንጉሥ ዙፋኑን እንጂ መሬቱን አይወርስም። አካል ከተቃጠለ ግን ይህ ሁሉ ቀረ። ከሞቱ አሟሟቱ ማለት ይሄ ነው። ሰውዬው አልሳቀም።

የማታ ተማሪ፦
ይቅርታ፣ ልግባበት። ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ንጉሡ ነፍስ ነው። አውግስጦስ ዐረገ፣ አታዋልፓ ደረቀ። የእኔስ? ጡብ ተሸካሚዋ ስሞት የት ነው የምሄደው? ለኔ ፈተናው እሱ ነው። አንድ ሃይማኖት ሬሳዬን የሚረከብበት ቦታ ከሌለው ሕዝቡ ቀን ቀን ይሰግድለታል እንጂ አይሞትበትም።

አኬናተንን ተመልከቱ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት የግብፅን አማልክት ወደ ጎን ብሎ አተንን፣ የፀሐይዋን ክብ፣ ብቻውን አነገሠ። አማርና ላይ አዲስ ከተማ ሠራ። የሙታን ዳኛ የነበረው ኦሲሪስ ከመኳንንቱ መቃብር ጠፋ። ልብ የሚመዘንበት ሚዛን የለም፣ ማዶ ያለ አገር የለም። ግድግዳው ላይ ያለው ንጉሡ፣ ንግሥቲቱ፣ ልጆቻቸው፣ ጨረሯ በእጅ የሚያልቅ ፀሐይ ነው። ሟቹ የሚለምነው ንጉሡን ነው። የሞተ ነፍስ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ነቅቶ ቤተ መቅደስ ሄዶ ከመሥዋዕቱ ይቋደሳል፤ በቃ፣ ሰማዩ ይኸው ነው። በሕይወት ሳለህ ንጉሡ ደጅ ትጠናለህ፣ ሞተህም ንጉሡ ደጅ ትጠናለህ።

ይሄ የመኳንንቱ ነው። ከ2006 ጀምሮ አርኪዮሎጂስቶች የተራውን ሰው መቃብር ቆፈሩ። ሰዉ በሰሌን ተጠቅልሎ አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል። ብዙዎቹ ገና ወጣት ናቸው፤ አከርካሪያቸው በሸክም የተጎዳ ሞልቷል። ከተማው የቆመው ለአተን ነው፣ እነሱም የሞቱት እሱን ሲገነቡ ነው። መቃብራቸው ላይ ግን የአተን ስምም ሥዕልም አልተገኘም። በሠራተኞቹ መንደርማ ቤት ውስጥ ቤስና ታወሬት ናቸው የተገኙት፦ ድንክዬው የቤት ጠባቂና ለወላዶች የምትቆመው የጉማሬ አምላክ።

ጭራሮ፦
የማታዋ፣ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አኬናተን ራሱ ሻብቲ አስቀብሯል፤ በወዲያኛው ዓለም ባለቤቱን ተክተው የሚሠሩትን ትናንሽ ምስሎች። ብዙ ስብርባሪ ተገኝቷል። የኦሲሪስን አገር ዘግቶ ሲያበቃ ለዚያው አገር ሎሌ ይዞ ሄደ።

ጥያቄ ጣይ፦
ይሄማ ለኔ የሚመሰክር ነው! ሰባኪው ራሱ ካላመነ ሃይማኖቱ የቱ ጋ ነው?

የማታዋ ግን ያመጣሽው መለኪያ አይሠራም። የፈረንሳይ አብዮት መሪ የነበረው ሮቤስፒየር የወዲያኛውን ዓለም በአዋጅ አስገብቶታል። ግንቦት 7 ቀን 1794 በወጣው ድንጋጌ የፈረንሳይ ሕዝብ የልዑል ኃይልን መኖርና የነፍስን አለመሞት ያውቃል ይላል። ከዚያ በፊት፣ አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ ሌላው አብዮተኛ ፉሼ በመቃብር ቦታዎች በር ላይ «ሞት የዘላለም እንቅልፍ ነው» የሚል አስጽፎ ስለነበር፣ ይሄ መልሱ ነበር። ሰኔ 8 ትልቅ በዓል ተደረገ። ሐምሌ 28 የሮቤስፒየር አንገት ተቆረጠ፤ ሃይማኖቱም አብሮት ተቆረጠ። ነፍስ አትሞትም ብሎ ያወጀ ሃይማኖት ሦስት ወር አልሞላውም።

ድንጋይ ጠራቢ፦
ያ ሪፐብሊክ ነው፤ ርእሱ ንጉሠ ነገሥት ነበር።

የማታ ተማሪ፦
ሪፐብሊክም ይሁን ግድ የለም። ነፍስ አትሞትም ማለትና ሬሳ መረከብ ይለያያል። ማነው የሚገንዘው? ማነው ሲሞት አጠገቡ የሚቀመጠው? ፓሪስ ላይ የልዑል ኃይል ነፍስ አባት ነበረው እንዴ? አንድ ቀን ሰልፍ ወጣ፣ ዘፈኑን ዘፈነ፣ ቤቱ ገባ። እናቱ ስትሞትበት የሚሮጥበት ደጃፍ አልነበረውም።

አዙሪት፦
ሳራፒስን ሳትጠሩ ልትጨርሱ ነው? የመጀመሪያው ጵጦሎሚ፣ የእስክንድር ጄኔራል የነበረው፣ ግሪኩንም ግብፁንም ለመግዛት እንዲመቸው ቤተ መንግሥቱ ያሰናዳው አምላክ ነው። ጢሙ የግሪክ፣ ራሱ ላይ የእህል መስፈሪያ፣ እግሩ ሥር ሦስት ራስ ያለው የሲኦል ውሻ። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ሲተርክ ጵጦሎሚ ሐውልቱን በሕልሙ አየ፤ ምስጢሩን የፈቱት ደግሞ ግሪኩ ጢሞቴዎስና ግብፃዊው ካህን ማኔቶን ናቸው። ኮሚቴ ነው እኮ! ሆኖም የእስክንድርያው ቤተ መቅደሱ እስከ 391 ገደማ ቆመ፤ አምልኮው ወደ 700 ዓመት ኖረ ማለት ነው። ጵጦሎሚዎቹ ራሳቸው 300 ዓመት ገደማ ነው የቆዩት። ሕመምተኛ እየሄደ ይተኛበት ነበር፣ ሟችንም ይቀበላል። የማታዋ መለኪያ ይሠራል ባይ ነኝ።

ጥያቄ ጣይ፦
እትዬ አዙሪት፣ ሳራፒስ ከባዶ አልተነሣም። ሜምፊስ ላይ ኦሲሪስና ቅዱሱ በሬ አፒስ ተዋሕደው ቀድሞም ይመለኩ ነበር፤ ስሙም ከዚያ ነው። ጵጦሎሚ የነበረውን አምላክ የግሪክ ልብስ አለበሰው እንጂ አልፈጠረውም። ሟቾቹን የተረከበው አሮጌው ኦሲሪስ ነው።

አዙሪት፦
እንግዲያው ከባዶ የተነሣ ሃይማኖት አንድ አሳየኝ። በነቢይም ይምጣ በንጉሥ።

ጭራሮ፦
እኔ ላሳያችሁ፣ ቢያንስ ለመሳቅ። የሕንዱ ሞጉል ንጉሠ ነገሥት አክበር በ1582 ገደማ ዲን ኢላሂ የሚባለውን አቋቋመ። ከእስልምናውም ከሂንዱውም ከሌላውም የተቀዳ ነው። ሰላምታቸው አንዱ «አላሁ አክበር» ሲል ሌላው «ጀለ ጀላሉሁ» ይመልሳል። እግዚአብሔር ታላቅ ነው ማለት ነው ወይስ አክበር እግዚአብሔር ነው ማለት? ተቃዋሚዎቹ ያኔም ይህንኑ ይጠይቁ ነበር። ስማቸው የታወቀ ተከታዮች ሃያ አይሞሉም። አክበር በ1605 ሲሞት ነገሩም አበቃ።

የአክበር ታሪክ ጸሐፊ አቡል ፋዝል ካሰፈረው ሥርዓት አንዱ ግን ይጥመኛል፦ ተከታይ የሆነ ሰው ከሞተ በኋላ የሚደገስለትን ድግስ በሕይወት ሳለ ራሱ ይደግስ ይላል። የቁም ተዝካር! ለሙታኑ ያሰበው ይህንን ነበር፤ ብሉና ሂዱ።

የዶሴ ሰው፦
ልጆች፣ ስታወሩ ቆይቼ ሳነብ ነበር። ሁላችሁም ሙት ሃይማኖት ነው የምትመረምሩት። ሙታንን መረከብ የሃይማኖት እውነተኛነት ማረጋገጫ ነው የምትለው የማታዋ ልጄ ናት። ቤተ መንግሥት ሙታኑን በግድ ሲረከብስ?

ጃፓን። ያሱኩኒ መቅደስ በ1869 ተመሠረተ። ለንጉሠ ነገሥቱ ተዋግቶ የወደቀ ሁሉ ስሙ ይመዘገብና ካሚ፣ ማለትም የሚሰገድለት መንፈስ፣ ይሆናል። የገበሬ ልጅም ይሁን ጄኔራል እኩል ነው። እንግዲህ ጡብ ተሸካሚዋ ቦታ አገኘች። ዛሬ ከ2,460,000 በላይ ስም አለበት። ታኅሣሥ 1945 አሸናፊዎቹ መቅደሱን ከመንግሥት ለዩት፤ መቅደሱ ግን የግል የሃይማኖት ድርጅት ሆኖ ቀጠለ። በ1978 በከባድ የጦር ወንጀል የተከሰሱ 14 ሰዎችን ጨመረበት። ቻይናና ኮሪያ እስከ ዛሬ የሚቆጡበት ይህ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በ1968 አንድ የጃፓን የራስ መከላከያ ሠራዊት ባልደረባ በሥራ ላይ ሳለ በመኪና አደጋ ሞተ። ሚስቱ ክርስቲያን ናት። ከዐፅሙ ከፍላ በቤተ ክርስቲያኗ አስቀምጣ ታስበው ነበር። በ1972 የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ከሠራዊቱ ጽሕፈት ቤት ጋር ተባብሮ ሟቹን በያማጉቺ በሚገኘው፣ የያሱኩኒ አምሳያ በሆነው የአገረ ገዛቱ መቅደስ ካሚ አስደረገው። እሷ አይሆንም ብላለች። ከሰሰች። የታችኛው ፍርድ ቤት በ1979 ፈረደላት። በ1988 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው፤ ከ15 ዳኞች አንዱ ብቻ ከእሷ ጋር ቆመ። የብዙኃኑ ምክንያት ባጭሩ፦ ማንም እምነቷን አልከለከላትም፤ የሌሎችን አምልኮ ደግሞ ትቻል።

አሁን ንገሩኝ። ይህ ሃይማኖት ነው ወይስ አይደለም? ሃይማኖት ነው ካልን መቅደሱ መብት አለው፣ ሴትዮዋ ተሸነፈች። አይደለም፣ የመንግሥት ሥርዓት ነው ካልን ደግሞ ከመንግሥት የሚለየው አጥር ይፈርሳል። ከጦርነቱ በፊት የጃፓን መንግሥት እንዲህ ነበር የሚለው፦ የመቅደስ ሥርዓት የዜግነት ግዴታ እንጂ ሃይማኖት አይደለም፣ ስለዚህ ሁሉም ይስገድ። ጥያቄ ጣይ፣ ያንተን መልስ ነው የሰጠው።

ጥያቄ ጣይ፦
ጋሼ፣ ይሄኛው አንገቴን አስደፋኝ። «አዋጅ ነው» ያልኩት ለማሳነስ ነበር። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አዋጅ መሆኑ ይበልጥ ያስፈራል ለካ።

ቃሌን ላስተካክል። ሃይማኖት ይባል። ግን ሟች ከመግባቱ በፊት ቤተሰቡ ይጠየቅ።

ድንጋይ ጠራቢ፦
ቤተሰብ ቢከፋፈልስ? በዚያው ጉዳይ የሟቹ አባት መቅደሱን ደግፎ ነበር። አባትም ቤተሰብ ነው። ሚስት ትበልጣለች የሚለው ራሱ የአንድ ሃይማኖት ሐሳብ ሊሆን ይችላል።

የማታ ተማሪ፦
ሟቹስ? እሱን ማንም አልጠየቀውም።

የዶሴ ሰው፦
ራሱ የተናገረም አለ፤ በሕይወት ስለነበረ። በጦርነቱ ለጃፓን ጦር የተወሰዱ ኮሪያውያንም ያሱኩኒ ውስጥ ተመዝግበዋል። ከእነሱ አንዱ በስሕተት ሞቷል ተብሎ ነው የገባው። በስተርጅና ስሙ እዚያ መኖሩን ሰማና አልሞትኩም፣ አውጡኝ ብሎ ከሌሎች ጋር ከሰሰ። በ2011 የቶኪዮ ፍርድ ቤት ክሱን አልተቀበለውም። የመቅደሱ ትምህርት ደግሞ አንዴ ከተቀላቀለ መንፈስ ተነጥሎ አይወጣም የሚል ነው።

ጭራሮ፦
አክበር ቢያንስ ድግሱን ለባለቤቱ ነበር የተወለት።

የማታ ተማሪ፦
ጋሼ፣ ሰውዬው ከዚያ በኋላ በበዓሉ ቀን ሲሰግዱለት ቤቱ ሆኖ ምን ያደርግ ነበር ይባላል?