ጥቆማ፦ ልጅ ይዞ ሙኒክ ቢራ ጋርደን

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጠየቀች። «እህቴ ከሁለት ልጆቿ ጋር ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነው። ትልቁ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ሁለት ሞልቷታል። ባለቤቴ ቢራ ጋርደን እንውሰዳቸው ይላል። ልጅ ይዞ መጠጥ ቤት ነውር አይሆንም? ካልሆነስ የትኛው ይሻላል?»

ሁለቱንም ልጆቼን ያሳደግኩት እዚሁ ሙኒክ ነው። አንድ የሕፃን ጋሪ በቢራ ጋርደን ጠጠር ላይ ጎማው ወልቆ ቀርቷል። ስለዚህ ለመናገር መብት አለኝ ብዬ አስባለሁ።

መጀመሪያ የነውሩን ነገር እንጨርስ። እናቴ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ «የት ነው የምትወስጂኝ?» ስትል «ቢራ ጋርደን» አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ዝም አለች። ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ። ደርሰን አግዳሚው ላይ ከተቀመጠች በኋላ ዙሪያውን ቃኘች። ጡት የምታጠባ እናት አለች። ካርታ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች አሉ። አንድ ቤተሰብ ከቤት ያመጣውን የጠረጴዛ ልብስ ዘርግቶ ዳቦና አይብ እየቆረሰ ነው። ልጆች በየጠረጴዛው መሀል ይሯሯጣሉ። ትንሽ ቆይታ «ይሄማ ሰንበቴ ነው እንጂ ምን መጠጥ ቤት ነው» አለች። ቀጠል አድርጋ ደግሞ «አንቺስ ቅራሪ እየጠጣሽ አይደል ያደግሽው?»

ከዚያ ወዲህ ነውር የሚለውን ጥያቄ ለእሷ ነው የምመራው።

ሰንበቴ ማለቷም ያለ ነገር አይደለም። የባቫሪያ (ሙኒክ ያለችበት የጀርመን ክፍለ ሀገር) ቢራ ጋርደን ስንቅ ተይዞ የሚኬድበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1539 በወጣ ደንብ ከኤፕሪል 23 እስከ ሴፕቴምበር 29 ቢራ መጥመቅ ክልክል ሆነ። በሙቀት ወራት ቢራው ይበላሻል፣ የመጥመቂያው እሳትም ያሰጋል። ጠማቂዎቹ በብርዱ ወራት የጠመቁትን ከመሬት በታች ምድር ቤት እየቆፈሩ አስቀመጡት። ምድር ቤቱ እንዲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ጠጠር አነጠፉ፣ ቅጠለ ሰፊውን የካስታኒየ ዛፍ ተከሉ። ሰዉም ጥላው ሥር መጥቶ መጠጣት ጀመረ። ምግብ ቤቶቹ ገበያችንን ወሰዱብን ብለው ሲጮኹ ንጉሥ ማክሲሚሊያን ዮሴፍ በ1812 ጠማቂዎቹ ቢራና ዳቦ ብቻ እንዲሸጡ፣ ሌላ ምግብ እንዳይሸጡ ወሰነ። ሕዝቡ ታዲያ ምግቡን ከቤቱ ይዞ መጣ። ልማዱ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። በነገራችን ላይ ኤፕሪል 23 የእነሱ የጊዮርጊስ ቀን ነው። እኛም በራሳችን አቆጣጠር ጊዮርጊስን የምናነግሠው ሚያዝያ 23 ነው፣ ቢራም በስሙ ሰይመናል። ለእናቴ ይህን ስነግራት ከታሪኩ ሁሉ የወደደችው እሱን ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ የቱ ቢራ ጥሩ ነው ብሎ ነው። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ቢራውን እርሱት። ዋናው ጥያቄ ከተቀመጣችሁበት ጠረጴዛ እስከ መጫወቻው ስንት እርምጃ ነው የሚለው ነው። ከተቀመጣችሁበት ልጁን ማየት ከቻላችሁ ቁጭ ብላችሁ ታወራላችሁ። ካልቻላችሁ ተራ በተራ ቆማችሁ ነው የምትውሉት፣ ቢራውም ይሞቃል።

በዚህ መለኪያ የእኔ አንደኛ ሂርሽጋርተን ነው። 8,000 ሰው ያስቀምጣል፣ በሙኒክ ከእሱ የሚበልጥ የለም። ከ1780 ጀምሮ የመኳንንት አጋዘን ማደኛ ነበር። ዛሬም ከጠረጴዛዎቹ አጠገብ በአጥር ውስጥ አጋዘኖች አሉ። ትንሿ ልጄ ሁለት ዓመቷ ሳለ አጥሩን ይዛ ቆማ ለአንዱ አጋዘን የምታወራው አያልቅባትም ነበር። መጫወቻ አለ፣ ከጀርባው ደግሞ ትልቅ መናፈሻ አለ። ልጆቼ ግን ከሁሉም የሚወዱት ብርጭቆ ማጠቡን ነው። ራሳችሁን በምታስተናግዱበት በኩል ብርጭቆ የሚያመጣላችሁ የለም። ከመደርደሪያው ታነሳላችሁ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ታለቀልቃላችሁ፣ ከዚያ ለቀጂው ትሰጣላችሁ። ቀጂው ከእንጨት በርሜል አውጉስቲነር የሚባለውን ቢራ ይሞላላችኋል። ትልቁ ልጄ ይህን ሥራ ለማንም አይሰጥም። እጅጌው እስከ ክርኑ ርሶ ይመለሳል። ብርጭቆው ማስ ይባላል፣ አንድ ሊትር ይይዛል። የእኛ ጃምቦ አጠገቡ ሕፃን ነው። ባዶውንም ቢሆን ከአንድ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን በሁለት እጅ ያዝ ማለት አይቀርም። ኤስ ባን በሚባለው የከተማ ባቡር ከመጣችሁ ሂርሽጋርተን የሚባል ጣቢያ አለ፣ ከዚያ ጥቂት በእግር ነው።

«የቻይና ግንብ» የሚባለው ቢራ ጋርደን ሁለተኛ ይሁን አይሁን ከባለቤቴ ጋር አልተስማማንም። ኢንግሊሸር ጋርተን የሚባለው ትልቅ መናፈሻ ውስጥ ነው፣ 7,000 መቀመጫ አለው። መሀሉ ላይ 25 ሜትር ከፍታ ያለው የእንጨት ግንብ ቆሟል። ቅዳሜና እሁድ ግንቡ ላይ ሆነው የመለከት ባንድ ይጫወታሉ። ከ1913 ጀምሮ የሚሽከረከር የእንጨት እንስሳት መጋለቢያም አለ፣ የስድስት ዓመቱ ልጅ ከእሱ አልወርድም ይላል። ከአገር ቤት ለመጣ እንግዳ ፎቶው ያምራል። ችግሩ ሕዝቡ ነው። ፀሐይ የወጣ እሁድ ቱሪስቱ መርካቶን ያስንቃል። መጋለቢያውም መጫወቻውም ዘንድ አንድ ትልቅ ሰው አብሮ መሄድ አለበት። እኔ ሁለት ዓመት ለሞላት ልጅ አልመርጠውም። ባለቤቴ ግን በሥራ ቀን ከሰዓት ሂዱበት፣ ባዶ ነው ይላል። እሱም እውነቱን ነው።

አውጉስቲነር ኬለር ከዋናው ባቡር ጣቢያ በእግር የሚደረስ ነው። በባቡር ለሚመጣ እንግዳ ይመቻል። 5,000 ያህል ሰው ይይዛል፣ ጥላው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ መጫወቻም አለው። አዲስ የእንጨት በርሜል ሲከፈት ደወል ይደወላል። ልጆቼ ደወሉን ሲሰሙ ያጨበጭባሉ፣ ለምን እንደሆነ ግን አያውቁም። ከ11 ሰዓት በኋላ ከሥራ የወጣ ሁሉ ስለሚጎርፍበት ቀደም ብሎ ገብቶ ቀደም ብሎ መውጣት ነው። (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሚካኤሊጋርተን ኦስትፓርክ የሚባለው መናፈሻ ውስጥ ሐይቅ ዳር ነው። ሰፈርተኛው የሚሄድበት ስለሆነ ጸጥ ይላል። ውኃው ቅርብ ነው፣ ስለዚህ ለሚድህና ገና ለሚውተረተር ልጅ ዓይን መንቀል አይቻልም። ለስድስት ዓመቱ ግን ዳክዬዎቹ ብቻ ይበቃሉ።

ከከተማው ወጣ ማለት ለሚወድ ግሮስሄሰሎኸ ላይ ዋልድቪርትሻፍት አለ። መጫወቻ አለው፣ ጃዝ በቀጥታ ይሰማል። ጎረቤት በጫጫታው ከሶ ቀደም ብሎ እንዲዘጋ ሲወሰንበት በሜይ 1995 20 ሺህ ያህል ሰው ሙኒክ መሀል ሰልፍ ወጣ። ለቢራ ጋርደን ሰልፍ! የባቫሪያ መንግሥትም ደንብ አወጣ። ዛሬ በየቢራ ጋርደኑ ሙዚቃ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ 5 ሰዓት ላይ ሁሉም ይዘጋል። ልጅ ያለው ሰው በዚያ ሰዓት እቤቱ ቢሆን ይመረጣል።

ስለ ስንቁ ላስረዳ፣ እዚህ ላይ የምንሳሳት ብዙ ነን። ከቤት ያመጣችሁትን መብላት የሚቻለው ራሳችሁን በምታስተናግዱበት ክፍል ብቻ ነው። ምልክቱ ቀላል ነው። ጠረጴዛው ባዶ እንጨት ከሆነ ስንቃችሁን ፍቱ። የጠረጴዛ ልብስ ከተነጠፈበት አስተናጋጅ ያለው ነው፣ እዚያ ከቤቱ ነው የሚታዘዘው። አንድ ቦታ ይህን ሳናውቅ የተነጠፈበት ላይ ድርቆሽ ፍርፍራችንን ዘረጋን። አስተናጋጁ መጥቶ ጉሮሮውን ጠራረገና ወደ ጠጠሩ ጠቆመን። ጥፋቱ የኛ ነው፣ ግን ሳህን ይዞ በሰው ፊት መሰደድ አያስደስትም። መጠጥ ደግሞ የትም ብትቀመጡ ከቤቱ ይገዛል። ውኃ በኮዳ ለሕፃን ብሎ የሚከራከር አላጋጠመኝም።

ምን ይያዝ? ፍርፍር በክዳን ሳህን ይመቻል። ሽሮ ለልብስም ለጎረቤትም አይመከርም። ቆሎ ይዛችሁ ብትሄዱ ከጎን የተቀመጡት ጀርመኖች ምንድን ነው ብለው ይጠይቃሉ፣ አቅምሱ። በፍልሰታ ጾም ከሆነ መቼም ስንቅ ግዴታ ነው። ጾሙ የሚውለው በኦገስት፣ ቢራ ጋርደኑ በሚሞቅበት ወር ነው፣ ዙሪያው ሁሉ አሳማና ዶሮ ይጠበሳል። የጾም የሚሆን አንድ ነገር አለ፣ ራዲ ይሉታል። እንደ ጥምዝምዝ ተቆርጦ ጨው የተነሰነሰበት ነጭ ፍጅል ነው። በእንጨት ተሰክቶ የሚጠበሰው ዓሣም ሽታው ይጠራል። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ግን እዚህ አልጀምርም።

ለልጆቹ መጠጥ የፖም ጭማቂ በአምቦ ውኃ ዓይነት የተበረዘው አፕፈልሾርለ ይበቃል። ሽፔዚ የኮላና የብርቱካን ቅልቅል ስለሆነ ካፌይን አለው፣ ማታ እንቅልፍ አጥታችሁ እኔን እንዳትወቅሱኝ። ራድለር የሚባለውን ተጠንቀቁ። እንግዶች ሎሚናት ነው ብለው ለልጅ ሊሰጡት ይችላሉ፣ ግማሹ ቢራ ነው። «አልኮል የሌለው» የሚለው ቢራም እስከ 0.5 በመቶ ሊኖረው ስለሚችል እንደ ሶፊ ማልት አይታይ። ቢራ ለመግዛት ጀርመን ዕድሜው 16 ነው፣ አገር ቤት 21 ነው። ትልልቅ ልጆች ይዛችሁ ለምትመጡ ይህን አስቀድሞ መነጋገር ጥሩ ነው። ሌላ የምወደው ሕግ አለ፦ እያንዳንዱ መጠጥ ቤት ቢያንስ አንድ አልኮል አልባ መጠጥ ከርካሹ አልኮል በማይበልጥ ዋጋ ማቅረብ አለበት። ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ለብርጭቆው መያዣ የሚያስከፍሉ አሉ፣ ስትመልሱ ይመለስላችኋል።

ከኦገስት ጀምሮ ተርብ አለ። ጣፋጭ ያለበትን ብርጭቆ በካርቶን መክደኛ ሸፍኑ፣ ልጅ ሳያይ እንዳይጠጣ። ባቫሪያ ከ2010 ጀምሮ ምግብና መጠጥ ቤት ውስጥ ማጨስ ከልክሏል፣ ሜዳ ላይ ግን ይጨሳል። ጎናችሁ የተቀመጠው ሲጋራ ካወጣ ጠረጴዛ ቀይሩ፣ ማንም አይቀየምም።

ዝናብ ከጣለስ? ጊዚንግ ያለው ጊዚንገር ብሮይ በ2006 ጋራዥ ውስጥ የተጀመረ ትንሽ ጠማቂ ነው፣ ዛሬ የራሱ መመገቢያ አለው። ቢራው ጥሩ ነው። ልጅ የሚሮጥበት ቦታ ግን አትጠብቁ፣ መሳያ ደብተር ይዞ ለአንድ ሰዓት ነው። ሆፍብሮይሃውስ የሚባለውን የቢራ አዳራሽ እንግዳ ሁሉ ማየት ይፈልጋል፣ ከ1589 ጀምሮ ያለ ስለሆነ አልፈርድም። ግን ጣሪያ ሥር የመለከት ባንድ ነው፣ ለሁለት ዓመት ጆሮ ይበዛል። ገብቶ አይቶ መውጣት።

እንግዶቹ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ከቆዩ ኦክቶበርፌስትም፣ ትልቁ የሙኒክ የቢራ በዓል፣ ይነሳል። ማክሰኞ የቤተሰብ ቀን ነው፣ የልጆች መጫወቻዎች እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ይረክሳሉ። ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ወላጁ አብሮት ቢሆንም ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ድንኳን ውስጥ መቆየት አይችልም። የሕፃን ጋሪ ቅዳሜ ጭራሽ አይገባም፣ በሌላው ቀን እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ዳይፐር በትልቅ ቦርሳ ይዞ መሄድም አይታሰብ፣ ከሦስት ሊትር የሚበልጥ ቦርሳ በር ላይ ይመለሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። የትኛው ቢራ ጋርደን እንደሆነ አልናገርም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ትልቁ ልጄ አራት ዓመቱ ሳለ ወረፋ ላይ ቆሜ ዞር ስል የለም። የሙዚቃ ባንዱ እግር ሥር ቆሞ ከበሮውን ሲያይ አገኘነው። ምናልባት አራት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ እኔ ግን ዕድሜዬ አልቋል። ከዚያ ወዲህ ስንወጣ ክንዱ ላይ ስልኬን በእስክሪብቶ እጽፋለሁ።

እንግዲህ እህቴ፣ የእኔ ምርጫ ይኸው። ሂርሽጋርተን፣ በሥራ ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ። ከመጫወቻው ፊት ለፊት ያለ ባዶ እንጨት ጠረጴዛ ያዢ። ብርጭቆ ማጠቡን ለስድስት ዓመቱ ስጪው። እህትሽ ፊቷ ካልተፈታ ስለ ሰንበቴው ንገሪያት። ለትንሿ ደግሞ ትርፍ ካልሲ ያዢ፣ ጠጠሩ ጫማ ውስጥ ይገባል።