እናቴን እያስታመምኩ የ12ኛ ክፍል ፈተና እንዴት ልግባ?

የሄርማታዋ፦
ሰላም ናችሁ። ጅማ፣ ሄርማታ ነው የምንኖረው። 12ኛ ክፍል ነኝ፣ ናቹራል። እናቴን መስከረም ላይ ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሏታል። ድሮ ሐሙስ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጥ ነበር። አባታችን በሕይወት የለም፤ ታናሽ ወንድሜ 4ኛ ክፍል ነው። ማጠቡም፣ ማጉረሱም፣ መድኃኒቱም እኔው ላይ ነው።

አላማርርም፣ እናቴ ናት። የጨነቀኝ ፈተናው ነው። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተን፣ እዚያው እያደርን ነው የምንፈተነው። ስልክ አይገባም። እነዚያን ቀናት ከእሷ ጋር ማን ይሁን? አክስቴ አጋሮ ናት፣ የራሷ ልጆች አሉባት። ጎረቤት ይመጣል፣ «አይዞሽ» ይላል፣ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። ቡናውን የማፈላው ደግሞ እኔ! ያያችሁት ካለ ምከሩኝ።

ነጭ ጋዋን፦
ነርስ ነኝ፣ እዚሁ ጅማ። የሚተካሽ ሰው ማንም ይሁን፣ አስቀድመሽ እያሠራሽ አሳዪው። በወሬ ብቻ አይሆንም። ራሷ መገላበጥ ካልቻለች በየሁለት ሰዓቱ ጎኗን ቀይሩላት፣ ሌሊትም ጭምር፤ አለዚያ መቀመጫዋና ተረከዟ ይቆስላል። ስታነሷት የደከመውን እጇን እንዳትስቡ፣ ብብቷንም ይዛችሁ እንዳታንጠለጥሏት፣ ትከሻዋ ይጎዳል። ስትበላ ቀጥ ብላ ትቀመጥ። ትንሽ ትንሽ፣ በጤነኛው ጎን በኩል አጉርሷት። እንደበላች ወዲያው አትተኛ። ውሃ ሲያስላት ካየሽ ዝም አትበዪ፣ ለሐኪሟ ንገሪ።

የግፊት መድኃኒቷን ደግሞ «ተሽሏታል» ብሎ የሚያስቆም ዘመድ አይጠፋም። እንዳትሰሚ።

የአጂፕ ልጅ፦
አባቴን አስታምሜያለሁ፣ ያኔ 19 ዓመቴ ነበር። እህቴ፣ «እርዱኝ» ብትዪ ሁሉም እሺ ይላል፣ ማንም አይመጣም። ለእያንዳንዱ ቁርጥ ያለ ሥራ ስጪው። «ማክሰኞ ማታ ታድሪልኛለሽ?» «ረቡዕ ጠዋት ቁርሷን ታበያታለህ?» ያኔ ወይ ይመጣል፣ ወይ እንደማይመጣ ታውቂና ሌላ ትፈልጊያለሽ። ተራውን ጽፈሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊው።

ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አላችሁ? ከሌላችሁ ቀበሌ ጠይቂ። መክፈል ለማይችል ቤተሰብ መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ። ሆስፒታል ስትሄዱ ግን ከጤና ጣቢያ ሪፈር ያዙ። ለክፍል ኃላፊ መምህርሽም ንገሪ። ካልነገርሻቸው እንደ ሰነፍ ነው የሚያዩሽ።

እማማ ዘ፦
ልጄ፣ እድር ለለቅሶ ብቻ ነው ያለው ማነው? እኛ ሰፈር አንዲት አራስ ባሏ መንገድ ሄዶባት ሴቶቹ በተራ አድረንላታል። ሰብሳቢዋን ቤቷ ድረስ ሄደሽ አናግሪ፣ በስልክ አይደለም። ፈተናው ሳይደርስ፣ ከአሁኑ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ሌሊቱን ለወንድምሽ እንዳትተዪ። ውሃ ያቀብል፣ ሰው ይጥራ፣ ይበቃዋል። ልጅ ነው።

የሄርማታዋ፦
እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሰብሳቢዋን ነገ አናግራታለሁ። ወንድሜን እውነትዎን ነው፣ ሌሊት ስነሳ አብሮ እየነቃ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል አሉኝ።

አንድ የቀረ ነገር። እናቴ ከእኔ ሌላ ሰው እንዲያጥባት አትፈልግም፣ ታፍራለች። ባለፈው ጎረቤታችን ልትረዳኝ ስትገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሷን ምን ላድርጋት?

እማማ ዘ፦
ባንድ ጊዜ ሁሉንም አትጠይቂያት። መጀመሪያ ራሷን ጠይቂ፣ ማን ቢሆን ይሻልሻል ብለሽ። ምርጫው የእሷ ይሁን። ከዚያ አንቺ እያጠብሽ ሴትዮዋ ውሃ ታቅርብ። ሌላ ቀን እግሯን ትጠባት። ገላዋን በነጠላ ሸፍናችሁ፣ የሚታጠበውን ብቻ እየገለጣችሁ። እኔም ወገቤን ታምሜ ተኝቼ ሳለ እንዲህ ነው የተላመድኩት።

ነጭ ጋዋን፦
እማማ ያሉት ልክ ነው፣ እኛም ዋርድ ውስጥ እንደዚያ ነው የምናጥበው። ውሃው ለብ ይበል። ከዚያ በደንብ አድርቁላት፣ በተለይ ጡቷ ስርና ብሽሽቷ ላይ እርጥበት እንዳይቀር።