ጌምን ማጥናት እፈልጋለሁ፤ እንጀራ ይወጣዋል?

ጠያቂ (ቱሉ ዲምቱ)፦ ሰላም ቤቶች። ዘንድሮ በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ሁለተኛ ዲግሪዬን ጨረስኩ። ጌም መሥራት አይደለም የምፈልገው፣ ኮድም አልችልም። ፊልምና ልብ ወለድ እንደሚጠናው ሁሉ ጌምን የማጠና መምህር መሆን ነው ሐሳቤ። አማካሪዬ «ጨዋታ ደግሞ ምን ጥናት አለው?» ብሎ ሳቀብኝ። እናቴማ ቁማር መስሏታል። ከየት ልጀምር?

የኮዬው፦ ይሳቅ፣ ትምህርቱ ግን አለ። «ጌም ስተዲስ» የሚባለው ጆርናል ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይነበባል። ዲግራ (DiGRA) የሚባለው የጌም ተመራማሪዎች ማኅበርም የጉባኤ ጽሑፎቹን በነፃ አስቀምጧል። የሌሊት ፓኬጅ ገዝተሽ አውርጂ።

ለገጣፎ፦ እህቴ፣ እኔ ሁለት ጊዜ ለዶክትሬት አመልክቼ ወድቄያለሁና ስሚኝ። ዴንማርክ ውስጥ ዶክትሬት እንደ ሥራ ማስታወቂያ ነው የሚወጣው፤ ደመወዝ አለው፣ በተለምዶ 3 ዓመት ነው። የኮፐንሀገን አይቲ ዩኒቨርሲቲን፣ የፊንላንዱን ታምፔሬንና የማልታ ዩኒቨርሲቲን ተከታተዪ። እኔን የጣለኝ ርዕሴ ነው፤ «ጌም በአፍሪካ» ብዬ ጻፍኩ። አህጉር ሙሉ! እስኪሳካ ድረስ እዚሁ በኮሙኒኬሽን መምህርነት ተቀጠሪ፤ እንጀራው ከዚያ ነው።

ባለ ፕሌስቴሽን ቤት (የካ አባዶ)፦ እኔ ምሁር አይደለሁም። ቤቴ ውስጥ ሕጉ የተሸነፈ ይከፍላል ነው። መብራት በ80ኛው ደቂቃ ቢጠፋስ? ልጆቹ ራሳቸው ደነገጉ፦ በ1 ጎል ልዩነት ከሆነ ግማሽ በግማሽ፣ በ2 ከሆነ የተመራው ይከፍላል። 0 ለ0 ከሆነ ከሳሪው እኔ ነኝ። አንዱ ሲመራ «መብራት ሳይሄድ!» እያለ ኳሷን ጥግ ላይ ይዞ ይቆማል። ጭቅጭቁ ስለበዛ ደብተር ላይ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ለገጣፎ፦ በቃ፣ ርዕስሽ ይኼው! መብራት መቆራረጥ የጨዋታ ሕግ ሲያወጣ። ከምታጠኛቸው ልጆች ከ18 ዓመት በታች ካሉ ግን የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ።

ስድስት ኪሎ የተማርኩ፦ አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ ልጄ። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ስለ ገበጣ ረጅም ጥናት አውጥተዋል። የገበጣም ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፤ ባለ ሁለት ረድፍ አለ፣ ባለ ሦስት ረድፍ አለ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሄደሽ ጠይቂ። ለአማካሪሽም አሳዪው።

ጠያቂ፦ ጋሼ ባለ ፕሌስቴሽን ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ልምጣ?

ባለ ፕሌስቴሽን ቤት፦ ቅዳሜ ውድድር አለ፣ መቀመጫ አታገኚም። ማክሰኞ ነይ፣ ቡናው በእኔ።

ጠያቂ፦ ቅዳሜ ነው የምመጣው፤ ቆሜ አያለሁ።