ለሴት ልጅ የዐረብኛ ስም ስታወጡ ፊደሉን አደራ

ጥያቄ፣ ከጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሞችና እህቶች። በሚመጣው ወር ሴት ልጅ እንጠብቃለን ኢንሻአላህ። ሀያት፣ ሐዋ፣ አሲያ ወይም ሂባ ልንላት አስበናል። በኋላ ወደ ጀርመን የመሄድ ሐሳብ ስላለን፣ ስሙን ስናስመዘግብ ምን ምን ማጣራት እንዳለብን የምታውቁ ንገሩን።

መልስ፣ ከሪያድ

ወዓለይኩሙ ሰላም እህቴ፣ አላህ በሰላም ይገላግልሽ። አራቱም ጥሩ ስሞች ናቸው። ግን አራቱም አንድ ፊደል ከተሳተ ሌላ ነገር ይሆናሉ። አማርኛችን ሀ እና ሐን በንባብ አንድ ስላደረጋቸው ልዩነቱ ለጆሯችን አይታወቅም፤ ፓስፖርት ላይ ደግሞ ሁለቱም በአንድ የላቲን ኤች ይጻፋሉ። ጸሐፊው ከፓስፖርት ወደ ዐረብኛ ሲገለብጥ የመሰለውን ያስገባል።

ሀያት በሓእ (ح፣ የእኛው ሐ) ጀምሮ በዝግ ታእ (ታእ መርቡጣ፣ ة) ያልቃል፣ ሕይወት ማለት ነው። መጨረሻው ክፍት ታእ (ت) ከሆነና አንባቢው ያእን (የ ድምፁን) ካጠበቀው “እባቦች” ይሆናል። ኡርዱ ስሙን በክፍት ታእ ስለሚጽፈው፣ ዐረብ ያልሆነ ጸሐፊ ከገጠማችሁ በተለይ ይህችን እዩ። ሐዋ በሓእ የሰው ልጆች እናት ናት፤ በሃእ (ه፣ የእኛው ሀ) ከተጻፈች አየር ትሆናለች። ሂባ ደግሞ በተገላቢጦሽ ነው፤ በሃእ ስጦታ፣ በሓእ ግን “ሐብባ” ተብሎ ይነበባል፣ ቅንጣት ወይም የመድኃኒት ፍሬ።

ከሁሉ የሚያስፈራው አሲያ ነው። የፈርዖን ሚስት ስም በአሊፍና በሲን ይጻፋል። በዐይንና በሷድ ከተጻፈ “አመጸኛ” ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሁለተኛውን ስም ጀሚላ ብለው እንደለወጡት በሶሒሕ ሙስሊም የሐዲስ ስብስብ ተዘግቧል። በአማርኛም በላቲንም ሁለቱ ስሞች አይለዩም። በነገራችን ላይ ሀጀርን ለሚያስቡም ያው ነው፤ ሃእ እና አሊፍ ካልገቡ በሓእ “ድንጋይ” ይወጣል።

ስለዚህ ከምጡ በፊት አንድ ወረቀት አዘጋጁ። የልጅቷን፣ የአባትንና የአያትን ስም በዐረብኛና በላቲን ጎን ለጎን በኮምፒውተር አጽፉ፤ በእጅ ጽሑፍ ነጥብ ይጠፋል። የአባትየውን ስም ከኢቃማው (ከመኖሪያ ፈቃዱ) ላይ እንዳለ ገልብጡ እንጂ “ትክክለኛው ይህ ነው” ብላችሁ አታርሙት፣ አለዚያ የልጅና የአባት ወረቀት አይገጥምም። ወረቀቱን ሆስፒታሉ ተብሊግ ዊላዳውን (የልደት ማሳወቂያውን) ከማውጣቱ በፊት ስጡ። የልደት ሰርተፍኬቱ የሚከተለው ያንን ነውና፣ እዚያ የገባ ስህተት በኋላ ከቢሮ ቢሮ ያዞራል። ከመታተሙ በፊት ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ፊደል በፊደል ይይላችሁ።

መልስ፣ ከዱባይ

ላይ ለተባለው አንድ ልጨምር። ቁርኣን ከፍቶ ጆሮ የጣመውን ቃል ማንሳት ስም ማውጣት አይደለም። “ለዛ” በአማርኛ እንዴት ያምራል! በአል-መዓሪጅ ምዕራፍ (70፥15) ያለው “ለዟ” ግን የጀሀነም እሳት ስም ነው። ዐረብ ጎረቤት ፊት ልጅን በዚህ መጥራት ምን እንደሚመስል አስቡት። ቁርኣን ውስጥ በስሟ የተጠራች ሴት መርየም ብቻ ናት፤ ኸዲጃ፣ ዓኢሻ፣ ፋጢማ፣ ሩቅያ የምናገኛቸው ከሐዲስና ከሲራ (ከነቢዩ የሕይወት ታሪክ) ነው። ራስን የሚያወድስ ስምም ይታሰብበት፤ በርራ (“ጻድቋ”) የተባለችውን ነቢዩ ዘይነብ ብለዋታል።

መልስ፣ ከፍራንክፈርት

ስለ ጀርመን ንባብ። ጄ እዚህ “የ” ነው፣ ጀሚላ ያሚላ ትባላለች። ዜድ “ጸ” ይሆናል፣ ዘይነብ ጻይነብ። በአናባቢ ፊት ያለ ኤስ ወደ “ዘ” ይሄዳል፣ ሳራ ዛራ፣ አሲያም አዚያ። ደብልዩ “ቨ” ነውና ሐዋ ሃቫ ትሆናለች። ሀያትና ሂባ ሳይነኩ ያልፋሉ። ፈረንሳይ ከሄዳችሁ ግን ኤች አይነበብም፤ ሀያት በሕፃንነቷ “አያት” ልትባል ነው። ከአራቱ ምረጪ ብባል ሂባን እመርጣለሁ።

ድምፁን ለማዳን ብሎ የላቲን አጻጻፉን በየአገሩ መቀያየር አያዋጣም። አንድ አጻጻፍ ምረጡ፣ ፓስፖርት ላይ አስገቡት፣ ከዚያ አትንኩት። የልደት ወረቀቱ በዐረብኛ ብቻ ከሆነ ለመሐላ ተርጓሚው የፓስፖርቷን ቅጂ አብራችሁ ስጡት፤ ካላየው በራሱ ሥርዓት ይጽፈውና ልጅቷ ሁለት ስም ይዛ ትቀራለች። ዐይን ለሚባለው ፊደል ብላችሁ ጭረት (አፖስትሮፍ) አትጨምሩ፣ ፓስፖርቱ ግርጌ ያለው በማሽን የሚነበበው መስመር ይጥለዋል።

የቤተሰብ ስምም ይታሰብበት። እኛ የለንም፣ ቅጹ ግን አለው። ታላቋ በአባቷ፣ ታናሿ በአያቷ ስም ከተመዘገቡ እህትማማቾቹ በወረቀት ባዕድ ይሆናሉ። ለመጀመሪያዋ የያዛችሁትን ለሁሉም ያዙ።

ጥያቄ፣ ከጅዳ

ጀዛኩሙላህ ኸይር። ቤተሰብ ግን “ስም በሰባተኛው ቀን በዓቂቃው (ለልጅ መወለድ በሚታረደው) ነው የሚወጣው” ይላል። ሆስፒታሉ ቀድሞ ቢጠይቀንስ?

መልስ፣ ከሚኒሶታ

አይጋጭም እህቴ። ሰባተኛው ቀን ሱና ነው፤ ነቢዩ ግን ልጃቸውን ኢብራሂምን በተወለደበት ሌሊት ስም ሰጥተውታል። ስሙን ለሆስፒታል ስጡ፣ ለሴት የሚታረደውን አንድ በግ በሰባተኛው ቀን እረዱ፣ ለዘመድ ያን ዕለት አብስሩ። እዚህ አሜሪካ ብዙ ሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት የልደት ቅጹን ያስሞላል፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም በዚያው ቅጽ ሊጠየቅ ስለሚችል ስህተቱ ወደ ሁለት ሰነድ ይሄዳል። በጀርመን ልደት በአንድ ሳምንት ውስጥ ይመዘገባል፣ ስሙ ካልተቆረጠ እስከ አንድ ወር ሊቆይ ይችላል።

ሐሳባችሁን ቀይራችሁ እንደ ኡሙ ኩልሡም ወይም ኑረልሁዳ ያለ ጥምር ስም ከመረጣችሁ በላቲን ገጥማችሁ ጻፉት። ከተለያየ ሁለተኛው ክፍል የመሐል ስም ተብሎ ይገባና ክሊኒክ ውስጥ ልጅቷ “ኡሙ” ተብላ ትጠራለች። አመቱላህም “አመት” ሆና የምትቀረው በዚሁ ምክንያት ነው።