ክርክር፦ ወንድ ልጅ በምላጭና በብሩሽ ቤቱ ቢላጭ የሚያስቅ ነገር አለው?

መምህሩ ከአዘዞ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላንሳ፤ በቁም ነገር መልሱልኝ።

ጢሜን ራሴ መላጨት ከጀመርኩ ዓመት አለፈኝ። በማሽን አይደለም። በፕላስቲኩ መላጫም አይደለም። ያች ከየሱቁ የምትገዛ፣ በሁለቱም ጎኗ የምትቆርጥ ስስ ምላጭ አለች አይደል? እሷን የብረት መያዣ ውስጥ አስገባለሁ፤ ሳሙናውን ከውጭ በመጣልኝ ብሩሽ መትቼ አረፋ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ቀስ ብዬ እላጫለሁ። እሑድ እሑድ ግማሽ ሰዓት ይወስድብኛል። ያችን ግማሽ ሰዓት እወዳታለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ስጮህ ነው የምከርመው። ስለት አንገቴ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ሐሳብ የለም፤ እጄንና ፊቴን ብቻ ነው የማስበው።

ያለፈው እሑድ እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተሰባስበን ነበር። እዚያው ስላደርኩ ዕቃዬ መስኮቱ ላይ ነበር። አጎቴ ብሩሹን አነሳና «ይኼ የምን ቀለም መቀቢያ ነው?» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ «ጋሼ፣ እሱ እኮ እንደ ሙሽሪት በየሳምንቱ ይኳኳላል» ብሎ ጨመረበት። እማዬ ግን አልሳቀችም። ምላጩን አየችው፤ ዝም አለች፤ ቡናዋን መቅዳት ቀጠለች። ከሁሉም ሳቅ የእሷ ዝምታ ነው የከበደኝ። ጓደኞቼም ቅዳሜ ጸጉር ቤት መሄድ ስላቆምኩ «ተኮፈሰ» ይሉኛል አሉ።

ማንንም አልጎዳሁ። የገዛ ፊቴ ነው። ቤተሰብና ጓደኛ እንዲህ መሳቃቸው ልክ ነው? እኔ ልክ አይደለም ባይ ነኝ። ቢያንስ «ለምን?» ብለው ይጠይቁኝ።

የፒያሳ ልጅ፦
ወንድሜ፣ የሳቁት ጠልተውህ አይደለም። ሰው ያልለመደውን ሲያይ ይስቃል። ግን እውነቱን ልንገርህ። ኑሮ እንዲህ ጣራ በነካበት ጊዜ ለመላጫ ብሩሽ ከውጭ ማስላክ ለእኔም አልተዋጠልኝም። አጎትህ ምናልባት ያንን ነው የታዘበው። ከዚህ በላይ ደግሞ ወንድ ልጅ መስታወት ፊት ግማሽ ሰዓት መቆሙ ለብዙ ሰው ቅብጠት ነው። እኛ ያደግነው «ቶሎ ታጥበህ ውጣ» እየተባልን ነው።

መምህሩ ከአዘዞ፦
ገንዘቡን ላስረዳ። መያዣው አንዴ ተገዝቷል፤ ብረት ነው፤ ከእኔ በኋላም ይኖራል። ብሩሹን የአክስቴ ልጅ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። በየጊዜው የምገዛው ምላጭና ሳሙና ብቻ ነው። አንዲት ምላጭ አራት አምስት ጊዜ ታገለግላለች። በሳምንት አንዴ ለሚላጭ ሰው አምስት ፍሬ ያለው እሽግ ወራት ይዘልቃል። ድሮ በየሳምንቱ ጸጉር ቤት ከምከፍለው ጋር አይወዳደርም።

ቅብጠት ያልከውን ግን አልቀበልም። ይኼ አዲስ ፋሽን አይደለም። ጂሌት የሚባለው አሜሪካዊ ምላጩ የሚቀየር መላጫውን መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት የሸጠው 51 መያዣ ብቻ ነበር። የፈጠራ መብቱን በ1904 አገኘ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደር ሁሉ ታደለው። ሁለት ስለት ጎን ለጎን የተደረደረበት መላጫ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። አዲሱ እሱ ነው። የእኔው የአያቶቻችን ዘመን ዕቃ ነው።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እኔ እመሰክርልሃለሁ። እኛ ልጆች ሳለን ያለ ምላጭ የሚውል ቤት አልነበረም። እርሳስ የምንቀርጸው በግማሽ ምላጭ ነበር። ጥፍር የሚቆረጠው በእሷ፣ የስፌት ክር የሚበጠሰው በእሷ። አባቴ በረንዳ ላይ በርጩማ አውጥቶ፣ መስታወቷን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ በልብስ ሳሙና አረፋ ይላጭ ነበር። ማንም አልሳቀበትም። እኛ ልጆቹ ዙሪያውን ተቀምጠን እናየው ነበር።

ወንድምህ «እንደ ሙሽሪት» ላለው ደግሞ ይኼን ንገርልኝ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ ተሠርተው ነው የዘመቱት። የጥንት ጀግና ጸጉሩን ይጎነጎናል፣ ቅቤ ይቀባል። እዚሁ ጎንደር፣ ፋሲል ግቢ ውስጥ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት አለ፤ ሄዶ ይየው። በዚህች ከተማ ወንድ ልጅ ገላውን መንከባከቡ ነውር ሆኖ አያውቅም። ነውር ያደረግነው እኛ ነን፣ በቅርቡ።

የፒያሳ ልጅ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የነገሥታቱን መታጠቢያ ለደሞዝተኛ ምሳሌ ማድረግ ይከብደኛል። የሹሩባው ነገር ግን አሳምኖኛል። እሱን ወስጃለሁ።

ጸጉር ቤት ያለኝ፦
እኔ የምናገረው ከሌላኛው ወገን ነው። ሥራዬ ይኼ ነው፤ ስለዚህ ጥቅሙን አስቦ ነው ብትሉኝ አልቀየምም።

ምላጭ ከእሽጉ ሳወጣ ደንበኛዬ እያየ ነው። ለሁለት እሰብራታለሁ፤ ግማሿን መያዣው ላይ አደርጋለሁ፤ ስጨርስ ትጣላለች። እንዲህ የማያደርግ ካለ እሱን ተውት፣ ሌላ ቤት ሂዱ። ግን የእኔ ነገር ስለ ምላጭ አይደለም። ቅዳሜ እኔ ጋ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ወረፋ ብቻ አይጠብቅም። ማን እንደታመመ የሚሰማው እዚያ ነው። የማን ቤት ሐዘን እንደገባ፣ ማን ሥራ እንዳጣ፣ የማን ልጅ ፈተና እንዳለፈ። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛዬ ሦስት ሳምንት ቀረብን። «እስኪ እንየው» ተባብለን ሄድን። አልጋ ላይ ነበር፤ ብቻውን። ጢሙን እዚያው ተኝቶ ላጨሁት፤ ጓደኞቹ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ጢሙን ቤቱ የሚላጭ ሰው ቢሆን ኖሮ ማን ይፈልገው ነበር?

ጓደኞችህ «ተኮፈሰ» ሲሉህ ናፍቀውህ ይሆናል። ወንድ ልጅ ናፈቅከኝ ማለት ይከብደዋል።

መምህሩ ከአዘዞ፦
ይኼ ነክቶኛል። እውነቱን ልናገር። ጸጉር ቤት የቀረሁት አንገቴ ላይ እብጠት ስለሚወጣብኝ ነው። በተላጨሁ በሁለተኛው ቀን አንገቴ ሁሉ ጥቁር ጥቁር ብጉር ይሆናል። በሸሚዝ ኮሌታ ሲታሽ ያቃጥላል። ተማሪ ያየዋል። ይኼን ለጓደኞቼ መናገር አፈርኩ። ላጩም ጥፋቱ የእሱ እንዳይመስለው ፈራሁ። ዝም ብዬ ቀረሁ። አሁን ሳስበው እኔም አልነገርኳቸውም፤ እነሱም አልጠየቁኝም።

ነርሷ፦
አንገትህ ላይ የሚወጣው ብዙ ወንዶች ላይም አለ። ጸጉራችን ጥቅልል ነው። በጣም ጠልቆ ሲቆረጥ ጫፉ ይጠመዘዝና ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ ያ ነው የሚያብጠው። ባለ ብዙ ስለት መላጫ ያባብሰዋል። አንዱ ስለት ጸጉሩን ሲስበው የሚከተለው ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል። ያንተው ግን በአንድ ጊዜ የሚቆርጠው በአንድ ስለት ብቻ ስለሆነ ያን ያህል አይጠልቅም። ስለዚህ ሳታውቀው ለቆዳህ የሚሻለውን መርጠሃል። ጸጉሩ ወደሚበቅልበት አቅጣጫ ላጭ፣ ሽቅብ አትመልሰው። ቆዳህንም እየወጠርክ አትላጭ። ከባሰብህ ደግሞ ለጥቂት ሳምንት ማሳደግ ከሁሉም ይሻላል።

ስለ እናትህ ዝምታ ግን ልጨምር። በ1990ዎቹ በሬዲዮውም በየጤና ጣቢያው ግድግዳም ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ስለት ሳይነገር የዋለበት ቀን አልነበረም። እናቶቻችን በዚያ ዘመን ብዙ ወጣት ቀብረዋል። ምላጭ ሲያዩ ያ ይመጣባቸዋል። የራስህን ምላጭ ለራስህ ብቻ የምትጠቀም ከሆነ የሚያሰጋ ነገር የለም፤ ይኼን በግልጽ ንገራት። ግን ለወንድምህም ቢሆን አታውሰው። ኤች አይ ቪ ከሰውነት ውጭ ብዙ አይቆይም፤ የጉበት ቫይረስ ቢ ግን ደርቆ እንኳ ቢያንስ ለ7 ቀን ሊተላለፍ ይችላል። ምላጭን በአልኮል ጠረግ አድርጎ ለሌላ ሰው መስጠት መተማመኛ አይሆንም።

ዲያቆኑ፦
እኔ በአጭሩ። የእኛ ካህናት ጢም አይላጩም፤ ዘሌዋውያን 19፥27 እና 21፥5ን ማየት ይቻላል። ምእመኑ ግን ይላጫል፣ ለዚህ ማንም አልወቀሰህም። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ሐዘን ላይ ናችሁ? ዘመድ ሞቶ አርባው ሳይወጣ የተላጨ ሰው እናቱን ያሳዝናል። ዝምታዋ ከዚያ እንዳይሆን።

መምህሩ ከአዘዞ፦
ሐዘን የለብንም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ጥያቄህ ጥሩ ነው። እስካሁን ራሷን አልጠየቅኳትም።

እህታችሁ ከማራኪ፦
አንድ ነገር ማንም አላነሳም። ውሃው።

ሙቅ ውሃ፣ አረፋ፣ ማለቅለቅ ትላላችሁ። ጎንደር ነው ያለነው። ቧንቧው የሚመጣበትን ቀን በጣት እየቆጠርን ነው የምንኖረው። በሌላው ቀን ጀሪካን ነው። ውሃውን ማን ቀዳው? ማን አሞቀው? ወንዶቹ ስለ ሹሩባና ስለ ነገሥታት ተከራከራችሁ። ስለ ጀሪካኑ የተናገረ የለም።

መምህሩ ከአዘዞ፦
እህቴ፣ የሚፈጀው ውሃ አንድ ኩባያ ነው። ብሩሹን እነክርበታለሁ፤ ምላጩን እዚያው አለቀልቃለሁ። ቧንቧ ከፍቶ ከመላጨት በጣም ያነሰ ነው።

እህታችሁ ከማራኪ፦
ኩባያውን አልቆጠርኩብህም። ማን አመጣው ነው ያልኩህ።

መምህሩ ከአዘዞ፦
እኔ ቤት እኔ ነኝ። እናቴ ቤት እህቴ ናት። እሑድ ጠዋት «ሙቅ ውሃ አለ?» ብዬ ስጠይቅ አምጥታ ሰጠችኝ። ሲስቁብኝ ተቀየምኩ፤ እሷን ግን አመሰግናለሁ እንኳ አላልኳትም። ልክ ነሽ።

የፒያሳ ልጅ፦
እኔ አሁንም ሳቁ ከባድ ነገር አይመስለኝም። ቤተሰብ በምን ይሳሳቅ ታዲያ? እኔ ላይም ይሳቃል። ግን «ኮርቶ ነው የቀረው» ብለው ጓደኞቹ መደምደማቸው ጥፋት ነው። አንድ ስልክ ቢደውሉ ምን ነበረበት።

ጸጉር ቤት ያለኝ፦
መምህር፣ ያንተ ላጭ ማን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ብሆን ግን «አንገቴን ያሳብጠኛል» ብትለኝ አልቀየምህም። ጢምህን ቤትህ ተላጭ። ለጸጉርህ ቅዳሜ ሂድ። ጸጉርህን ሳትቆረጥም ሂድ፤ ተቀምጠህ አውራ። ወንበሩ ለዚያ ነው።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እናትህን ጠይቃት። «ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጧል» ይባላል። የቤት ሰው ዝምታም እንደዚያው ነው። ከውጭ የሚፈታልህ የለም።

መምህሩ ከአዘዞ፦
ሦስት ቀን ሆኖኛል። የሆነውን ልንገራችሁ።

ትናንት ከሥራ ስወጣ እማዬ ጋ ሄድኩ። ሁለት ጀሪካን ቀድቼ ገባሁ። ቡና ስታፈላ «እሑድ ምላጩን ስታዪ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት። ስለ ኤች አይ ቪ የምታነሳ መስሎኝ ነበር። አይደለም።

ታናሽ ወንድም ነበራት። እኔ አልሰማሁም ነበር እስከ ትናንት። ሕፃን ሳለ ጉሮሮው ታመመ ተብሎ እንጥሉን አስቆረጡት። የቆረጡት በምላጭ ነው። ደሙ አልቆም አለ። ሲነጋ አልነበረም። እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጨርቁን የያዘችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ምላጭ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ አትወድም። እርሳሳችንን እንኳ በቢላዋ ነበር የምትቀርጽልን። ድሃ ስለሆንን ይመስለኝ ነበር።

ምን እንደምላት አላወቅኩም። ዕቃዬን አውጥቼ አሳየኋት። ስለቱ ከብረቱ ጠርዝ ምን ያህል ትንሽ ብቻ ብቅ እንደሚል፣ ጠልቆ መቁረጥ እንደማይችል አሳየኋት። በጣቷ የብረቱን ጫፍ ነካችው። ብዙ ጊዜ አገላብጣ አየችው። «ካገለገለች በኋላ የት ትጥላታለህ?» አለችኝ። «ወረቀት ጠቅልዬ ከቆሻሻው ጋር» አልኩ።

ተነሥታ ጓዳ ገባች። ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዛ ወጣች። ክዳኑን በቢላዋ ጫፍ ሰንጥቃ፣ ምላጭ ብቻ የምታልፍበት ቀዳዳ አበጀችለት። «እዚህ ክተት። ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥል። ልጆች ይለቅማሉ» አለችኝ።

አጎቴ አሁንም «ቀለም ቀቢው» ይለኛል። ጣሳው እኔ ቤት መስኮቱ ላይ ነው። አንድ ምላጭ ገብቶበታል።