የኪሳራ ሥነ ሥርዓት ወጪን በአገር ማወዳደር፦ መቶኛው ብቻ ይበቃል?

የዱቤ ሒሳብ፦
ለውጭ ደንበኞች ዕቃ በዱቤ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። አለቃዬ «ደንበኛ ቢከስርብን ገንዘባችንን ማስመለስ የሚረክሰው የት አገር ነው?» ብለው ሠንጠረዥ አዘዙኝ። ያገኘሁት የዓለም ባንክን የ2020 «ዱዪንግ ቢዝነስ» ሪፖርት ነው። የሥነ ሥርዓቱ ወጪ ከከሰረው ድርጅት ንብረት በአሜሪካ 10 በመቶ፣ በብራዚል 12 በመቶ ይላል። ሁለቱን አገሮች በአንድ ምድብ ባስቀምጣቸው ያስኬዳል?

አጣሪው፦
አያስኬድም፣ ወንድሜ። እዚያው ሪፖርት ላይ ዝቅ ብለህ ተመልከት፤ ከአንድ ዶላር የሚመለሰው በአሜሪካ 81 ሳንቲም፣ በብራዚል 18 ሳንቲም ገደማ ነው። ወጪው ተቀራርቦ ሳለ ይህ ገደል ከየት መጣ? አንደኛው ጋ ጉዳዩ በአንድ ዓመት ያልቃል፣ ሌላው ጋ አራት ዓመት ይፈጃል፤ ስሌቱ ደግሞ የዘገየውን ገንዘብ በአገሩ የብድር ወለድ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። በዚያ ላይ የአሜሪካው ድርጅት ሥራውን እንደቀጠለ ይተርፋል፣ የብራዚሉ ግን ተበጣጥሶ ይሸጣል ተብሎ ተገምቷል። ተበጣጥሶ የተሸጠ ንብረት የሚያወጣው የዋጋውን 70 በመቶ ብቻ ነው ተብሎ ተይዟል። ሰው የሚያማርረው የእኛን የኪሳራ አጣሪዎችንና የጠበቆችን ክፍያ ነው (ሐሜቱን ለምደነዋል)፤ ጊዜ ግን ደረሰኝ ሳይቆርጥ ከሁላችንም በላይ ይወስዳል።

መቶኛው ራሱ የተሰላው 201 ሠራተኞች ባሉት አንድ ምናባዊ ሆቴል ላይ ነው። ደንበኛችሁ አነስተኛ አስመጪ ከሆነ አይገልጸውም። በአሜሪካ በምዕራፍ 11 (ድርጅቱ ሥራውን እየቀጠለ ዕዳውን መልሶ በሚያደራጅበት የኪሳራ ሕግ ክፍል) መዝገብ ማስከፈቻው 1,738 ዶላር ነው፤ ግዙፉም ትንሹም ያንኑ ስለሚከፍል ከንብረቱ አንጻር ለትንሹ ይከብዳል።

የሕግ ተማሪ፦
በጀርመን የከሰረው ድርጅት ንብረት የሥነ ሥርዓቱን ወጪ እንኳ የማይሸፍን ከሆነ፣ አስቀድሞ የሚከፍል ሰው ካልተገኘ በቀር ፍርድ ቤቱ አቤቱታውን ውድቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ከእውነተኛ መዝገቦች በሚሰላ አማካይም ቢሆን ባዶ እጃቸውን የቀሩት ስለማይቆጠሩ አማካዩ ያምራል። ደግሞም «ዱዪንግ ቢዝነስ» በመረጃ አያያዝ ግድፈት ምክንያት በ2021 ተቋርጧል። የተካው «ቢ-ሬዲ» በ2024 የጀመረው በ50 አገሮች ነው፤ ማፍረስንና መልሶ ማደራጀትን ለየብቻ ይለካል።

የዱቤ ሒሳብ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እኛ መያዣ የሌለን ሻጮች ነን። ለውጥ ያመጣል?

አጣሪው፦
እንዴታ! ያ 81 ሳንቲም መያዣ ያለው ባንክ የሚያገኘው ነው። እናንተ የምትሰለፉት ከእሱ ኋላ ነው። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ጨምር፦ ዋጋው ተከፍሎ እስኪያልቅ የዕቃው ባለቤት ሻጩ ነው የሚለው የውል አንቀጽ በየአገሩ ይጸናል ወይ? በጀርመን ዕቃው ካለ ለይተህ ትወስዳለህ። በአሜሪካ ግን አንቀጹ እንደ መያዣ ስለሚቆጠር፣ አስቀድማችሁ ካላስመዘገባችሁት ኪሳራው ሲመጣ አያድናችሁም።